ሠዓሊው ከግድግዳው በፊት ይጠራ፦ የደሴን የአደባባይ ጥበብ ከአካባቢው ባለሙያዎች ጋር ስለማቀድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ በአንድ የድጋፍ ግንብ ላይ ሥዕል እንድንሠራ አራት ሆነን ተጠራን። ጥሪው ሲደርሰን ለምረቃው የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ነበር፤ ቦታው ተመርጦ፣ ንድፉ ከኢንተርኔት ወርዶ ታትሞ፣ ቀለሙም ተገዝቶ መጋዘን ገብቶ ነበር። ከእኛ የተፈለገው እጃችን ብቻ ነው። ሥራውን በጀመርን በሁለተኛው ቀን በዚያ ሲያልፉ የነበሩ አንድ አዛውንት ግንበኛ ቆም ብለው መዳፋቸውን ግንቡ ላይ ለጥፈው ቆዩና «ልጆቼ፣ ይህ ግንብ ክረምት ከበጋ ያለቅሳል፤ ጀርባውን አይታችሁታል?» አሉን። አላየንም ነበር፤ እንድናይም የጠየቀን አልነበረም። ያ ግንቦት ነበር። መስከረም ሲጠባ ቀለሙ እየተነፋ ይፈነዳ፣ ከሥሩም ዱቄት የመሰለ ነጭ ጨው ይወጣ ጀመር፤ የሣልናቸው ሴቶች ፊታቸው ሳይቀር ከእንስራቸው ጋር ተልጦ ወረደ።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እንዲህ ያለውን ሥራ ለሚያስተባብሩ የባህልና ቱሪዝም፣ የማዘጋጃ ቤትና የከተማ ልማት ባለሙያዎች፣ እንዲሁም በዕቅዱ ላይ ድምፅ እንዲኖራቸው ለሚፈልጉ የደሴና የኮምቦልቻ ጥበበኞች ነው። የአደባባይ ጥበብ መርሐ ግብር የምለው አንድን ሐውልት ወይም አንድን የግድግዳ ሥዕል ሳይሆን፣ ከተማው በየዓመቱ የት፣ ምን፣ በማን፣ በምን ያህል ገንዘብ እንደሚያሠራና የተሠራውን እንዴት እንደሚጠብቅ የሚወስንበትን አሠራር ነው። የአካባቢው ጥበበኛ በዚህ አሠራር ውስጥ መግባት ያለበት ቦታውም ሆነ ጭብጡ ከመወሰኑ አስቀድሞ ነው፤ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ይህ በተግባር እንዴት እንደሚሆን ነው።

ማን ይመዝገብ

የመጀመሪያው ሥራ መዝገብ ማዘጋጀት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው መዝገብ በሥነ ጥበብ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ያላቸውን ብቻ የሚይዝ በመሆኑ ከጅምሩ ጎደሎ ይሆናል። በአዲስ አበባው አለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩ ልጆች እንዳሉን ደስ ይለናል፤ ይሁን እንጂ በወሎ የመሣልና የመቅረጽ ሙያ ከዘመናዊው ትምህርት በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ከደሴ ብዙም በማይርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተዘጋጀው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በሥዕል ያጌጠ መጽሐፍ ነው፤ በሌላው ወገን ደግሞ እንደ ዳና፣ ጃማ ንጉሥና ገታ ባሉት የእስልምና የትምህርት ማዕከላት መጽሐፍ የመገልበጥና የዐረብኛ ፊደልን አስውቦ የመጻፍ ሙያ ከመንዙማው ጋር አብሮ ኖሯል። የእነዚህ የሁለቱም ሙያዎች ወራሾች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ ራሳቸውን «አርቲስት» ብለው ስለማይጠሩ ግን የትኛውም ማስታወቂያ አያገኛቸውም።

ስለዚህ መዝጋቢው ከቢሮ መውጣት አለበት። ፒያሳ ያሉትን ታፔላ ጸሐፊዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችን፣ ዐረብኛ ፊደል አስውበው የሚጽፉትን፣ ድንጋይ ጠራቢዎችን፣ ሸክላ ሠሪዎችን፣ ሸማኔዎችንና የስፌት ባለሙያ እናቶችን፣ የበርና የመስኮት ብየዳ ቤት ባለቤቶችን፣ የየትምህርት ቤቱን የሥነ ጥበብ መምህራን በየሥራ ቦታቸው ሄዶ ማነጋገር ይኖርበታል። በመዝገቡ ላይ ከስምና ከሙያ ቀጥሎ መስፈር ያለበት ዋናው ጥያቄ «የሠሩት ሥራ አሁን የት ይታያል? ከተሠራስ ስንት ክረምት አለፈው?» የሚለው ነው። ለአደባባይ ሥራ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት ይልቅ የሚታመነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። መዝገቡ ላይ ለመስፈር ንግድ ፈቃድም ሆነ የግብር ከፋይ ቁጥር መጠየቅ አያስፈልግም፤ እሱ ውል ሲደርስ የሚታይ ጉዳይ ነው።

ስብሰባ ሲጠራ ቀኑ ይታሰብበት። ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ሸክላ ሠሪዋና ሸማኔው አይመጡም፤ ዓርብ ከሰዓት የጁምዓ ነው፤ እሑድ ጧት ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊው አይገኝም። እኔ ባየሁት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የተጠራ ስብሰባ ከሁሉም የተሻለ ሰው ይይዛል። ጥሪውም በደብዳቤ ብቻ ሳይሆን በቅሬ፣ ማለትም እንደ እድር ባለው የሰፈር መረዳጃ በኩል ቢነገር ይመረጣል፤ በወሎ ቅሬ የማያውቀው ሰው ጥቂት ነው።

መቼ ይጠሩ

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራልና የሚቀጥለው ዓመት ሥራ በዕቅድ ውስጥ እንዲካተት ከተፈለገ ውይይቱ ቢዘገይ በጥርና በየካቲት መካሄድ አለበት። ሠኔ ላይ የሚጠራ የምክክር መድረክ ያለቀን ነገር ለማስጨብጨብ የሚደረግ እንደሆነ ጥበበኛው ያውቃል፤ ለዚህም ነው ብዙዎቻችን ቡናውን ጠጥተን አበሉን ፈርመን የምንመለሰው።

የምክክሩ የመጀመሪያ ቀን በአዳራሽ ባይሆን እመርጣለሁ። አሥር አሥራ አምስት ባለሙያዎች፣ አንድ የማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ፣ አንድ የውሃና ፍሳሽ ባለሙያና ሁለት የየሰፈሩ ሽማግሌዎች ሆነው ፒያሳን፣ ሙጋድን፣ ሆጤንና ቧንቧ ውሃን በእግር ይዙሩ። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል በጠባብ ስፍራ የተዘረጋች፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ ዳገታም ከተማ በመሆኗ በመንገዶቿ ዳር የድጋፍ ግንብ አይታጣም። መንገድ ሲሰፋና የኮሪደር ልማት ሲካሄድ ደግሞ አዲስ ግንብ ይጨመራል። ለጥበበኛው ትልቁ ሸራ እዚህ አለ፤ ግንቡ ገና በንድፍ ላይ ሳለ ከተጠራ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ የት እንዲሆኑ፣ የድንጋዩ አሰካክ ራሱ ጌጥ እንዲሆን፣ ለቅርጽ የሚሆን ማረፊያ እንዲተውለት ከመሐንዲሱ ጋር ሊነጋገር ይችላል። ግንቡ አልቆ ከተለሰነ በኋላ የቀረው ቀለም መቀባት ብቻ ነው።

በጉዞው ላይ እያንዳንዱ ባለሙያ ሦስት ቦታ ይምረጥ፤ አንድ ቦታም «እዚህ ምንም አይሠራ» ብሎ እንዲለይ ይጠየቅ። ብዙ የሚያስተምረው ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት የስፌት ባለሙያ፣ ሁላችንም ስለ ስፋቱ ያደነቅነውን አንድ ግድግዳ «እዚህማ ሰዎች ለቅሶ ሲወጡ የሚቀመጡበት ነው፤ በደማቅ ቀለም አታስጨንቁት» በማለት አስተወችን። የከተማው ካርታ ይህን አይነግርም።

ምን ይሣል፣ ምን ይቀረጽ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ገንዘብና ብዙ ወዳጅነት የሚጠፋው ጭብጥ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ካሉት ታላላቅ ሐውልቶች ብዙዎቹ የውጭ ሰዎች እጅ ሥራዎች ናቸው። የስድስት ኪሎውን የየካቲት 12 መታሰቢያ የቀረጹት የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ናቸው፤ በደርግ ዘመን የቆመው የትግላችን ሐውልት ደግሞ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች የተሠራ ነው። ይህን እያነሳን «ለአገር ልጅ ይሰጥ» ማለታችን ተገቢ ነው፤ ሆኖም የሠሪው ኢትዮጵያዊነት ብቻውን ሥራውን እንደማያጸናው ሐረር ላይ አይተናል። የራስ መኮንንን ሐውልት የቀረጹት አፈወርቅ ተክሌ ነበሩ፤ ሐውልቱ በ2012 ዓ.ም. በተነሳው ሁከት ፈርሷል። ስለዚህ የአካባቢን ሰው ማሳተፍ ሲባል ቀራፂው የአገር ልጅ መሆኑ ላይ ብቻ ሳይቆም፣ ሥራው የሚቆምበት ሰፈር ሰው በጭብጡ ላይ የመነጋገር ዕድል ማግኘቱንም ይጨምራል።

ደሴና አካባቢዋ ለጭብጥ አይቸገሩም። ስሟን ከሰጧት ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጀምሮ፣ መናገሻቸው አድርገው እስካስፋፏት እስከ ንጉሥ ሚካኤል፣ እስከ ግብር አዳራሻቸው እስከ አይጠየፍ ድረስ ብዙ ታሪክ አለ። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋ ውስጥ ሳሉ ደሴን በቦምብ ደብድበዋል፤ ይህን ዛሬ በአደባባይ የሚያስታውስ ሥራ ቢኖር ማን ይጠላል? በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ቤት ውስጥ የተቋቋመው የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ዘረፋና ጉዳት ደርሶበታል፤ ከሙዚየሙ የጠፋውን በምስል መልሶ ማሰብም ራሱን የቻለ ጭብጥ ነው። ከአራቱ የኢትዮጵያ ቅኝቶች አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ምድር ነው፤ ድምፅን በብረት ወይም በድንጋይ መግለጽ ለቀራፂ ከባድም ጣፋጭም ፈተና ይሆናል።

ነገር ግን አንዱ ወገን የሚኮራበት ሌላውን የሚያም ታሪክም አለን። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ የተካሄደው ጉባኤ ለአንዳንዱ የረጅም የሃይማኖት ክርክር መቋጫ ነው፤ ለብዙ የወሎ ሙስሊም ቤተሰብ ግን በግድ ሃይማኖት የማስለወጥ ዘመን መጀመሪያ ሆኖ ይታወሳል። እንዲህ ያለው ጭብጥ ፈጽሞ አይነካ አልልም። ሆኖም አንድ የደሴ ሠዓሊ ብቻውን በአንድ ወር ውስጥ ሠርቶ እንዲያስረክብ የሚሰጥ ትዕዛዝ መሆን የለበትም። የቅሬ መሪዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና የታሪክ መምህራን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተሰብስበው፣ ሠዓሊው ከአጠገባቸው ተቀምጦ እያዳመጠና ረቂቅ እየሣለ ቢወያዩበት፣ ከሰው ምስል ወደ ዛፍ፣ ወደ ውሃ፣ ወደ ፊደል፣ ወደ ጥለት የሚወስድ መንገድ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይገኛል። ወሎ የሙስሊምና የክርስቲያን የጋራ ቤት ነው የሚለውን አባባል ሁሉ ሰው ያውቀዋልና መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን የተሣለበት ግድግዳ ግን በበኩሌ ሰልችቶኛል። ያንኑ አብሮነት በአንድ ሰፈር ቅሬ ድንኳን ወይም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሚገበያዩበት የሰኞ ገበያ ወሬ ውስጥ የሚያሳይ ሠዓሊ ቢገኝ ግድግዳው የሚመለከተው ያገኛል።

ኮሚቴውና ጨረታው

መራጩ ኮሚቴ ዘጠኝ አባላት ቢኖሩት አምስቱ የጥበብ ባለሙያዎች፣ ከአምስቱም ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች እንዲሆኑ እመክራለሁ። ባለሙያዎቹን የሚመርጠው ሥራውን የሚያስተባብረው ጽሕፈት ቤት ሳይሆን በመዝገቡ ላይ የሰፈሩት ጥበበኞች ራሳቸው ይሁኑ፤ የአገልግሎት ዘመናቸውም ከሁለት ዓመት አይብለጥ። በኮሚቴው ያለ ባለሙያ በዚያ ዓመት አይወዳደርም፤ የሥጋ ዘመዱ ሲወዳደርም ከስብሰባው ይወጣል። የመወዳደር ዕድሉን ስለሚያጣና የሥራ ቀኑን ስለሚያቃጥል ለተቀመጠበት ቀን ሊከፈለው ይገባል። ቃለ ጉባኤው ለምን አንዱ ሥራ ተመርጦ ሌላው እንደቀረ በሦስት በአራት መስመር ይግለጽ፤ ያልተመረጠው ሰው ይህን ሲያነብ ቅሬታው ግማሽ በግማሽ ይቀንሳል።

ትልቁ እንቅፋት ግዥው ነው። ሥዕልን እንደ ወንበርና እንደ ወረቀት በዝቅተኛ ዋጋ ጨረታ ማውጣት ማለት፣ ሥራውን ንግድ ፈቃድና የጨረታ ማስከበሪያ ላለው የማስታወቂያ ድርጅት መስጠት ማለት ነው፤ ድርጅቱም በተራው ያንኑ የሰፈራችንን ሠዓሊ በቀን ሒሳብ ይቀጥረዋል። የተሻለው አካሄድ ውድድሩን በሁለት ደረጃ ማድረግ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ አመልካቾች ንድፍ ሳያቀርቡ የቀደመ ሥራቸውን ፎቶና አንድ ገጽ ሐሳብ ብቻ ያስገባሉ። ከእነርሱ ሦስቱ ይመረጡና ለሦስቱም የንድፍ ክፍያ ተከፍሏቸው ሙሉ ንድፍና የዋጋ ዝርዝር ያዘጋጃሉ። በነጻ ንድፍ ማስቀረብ በእኛ ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ነውር ነው፤ የተሸናፊው ንድፍ በዓመቱ በሌላ ግድግዳ ላይ ብቅ ሲል አይቻለሁና። ፈቃድ የሌላቸው ባለሙያዎች በማኅበር ተደራጅተው ውል እንዲፈርሙ ጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ጊዜ ሰጥቶ ቢያግዛቸው፣ «ፈቃድ ስለሌላቸው ነው» የሚለው ምክንያት ይወገዳል።

የገንዘቡ ምንጭ በየዓመቱ የሚለመን እንዳይሆን ከግንባታ ወጪ ላይ ጥቂት መለየት በሌላ አገር የታወቀ ልማድ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ከትምህርት ቤቶች ግንባታ ወጪ 1 በመቶውን ለጥበብ ሥራ ታውላለች፤ በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ተመሳሳይ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1959 ተጀምሯል። በደሴም ለአንድ የድጋፍ ግንብ ወይም የእግረኛ መንገድ ከተያዘው ገንዘብ ትንሽ እጅ አስቀድሞ በዝርዝሩ ውስጥ ቢገባ ጥበበኛው የግንባታው አካል ይሆናል። ገንዘቡ ሲከፋፈል እኔ የምጠቀምበት መነሻ ከመቶ አሥር ለንድፍ፣ ሠላሳ ለቁሳቁስ፣ ሠላሳ አምስት ለእጅ ዋጋ፣ አሥር ለመወጣጫና ለደኅንነት፣ አምስት ለፎቶና ለሰነድ፣ ቀሪው አሥር ለጥገና ነው። የጥገናውን አሥር ለሌላ ነገር ማዋል እጅግ የሚያጓጓ መሆኑን ስለማውቅ በውሉ ላይ በተለየ መስመር እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።

ግንቡን መጠየቅ

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ንድፍ ከመጽደቁ በፊት ግድግዳው ራሱ መፈተሽ አለበት፤ ይህን ፈተና ሠዓሊው ከግንበኛ ጋር ያካሂደዋል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ፕላስቲክ በአራቱም ጎኑ በደንብ ተለጥፎ ከምሽት እስከ ማግስቱ ረፋድ ይቆይ። ሲነሳ ውስጡ ጠል ካረገዘ ወይም ልስኑ ከጠቆረ ግንቡ ውሃ እየሳበ ነውና ቀለም አይቀባም። ፈተናው ከላይ፣ ከመሀልና ከሥር በሦስት ቦታ ይደረግ፤ የሚቻል ከሆነም በደረቁ ወራት ብቻ ሳይሆን ዝናብ በጣለ ማግስት ይደገም።

እንዲህ ያለው ግንብ ቀለም በመጨመር አይታከምም። መጀመሪያ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ይጠረጉ፣ ከግንቡ ጀርባ የሚወርደው ጎርፍ ሌላ መውጫ ይፈለግለት። ይህ የማይቻል ሲሆን ንድፉ ከቀለም ወደ ጠረባ ድንጋይ፣ ወደ ሞዛይክ ወይም በብረት ተሠርቶ ከግንቡ ጥቂት ሴንቲሜትር ተርቆ ወደሚታሰር ቅርጽ ይለወጥ። ለዚህ ነው ድንጋይ ጠራቢውና የብየዳ ባለሙያው ከመጀመሪያው ቀን በመዝገቡ ላይ መኖር ያለባቸው። የኮምቦልቻ ሰዎች በብረት ረገድ ከእኛ ይሻላሉ፤ ከተማዋ የፋብሪካ ከተማ ስለሆነች ብረት ቆራጭና በያጅ አያጡም፣ ከየዎርክሾፑ የሚወጣው ቁርጥራጭ ላሜራም ለቀራፂ ሀብት ነው።

አዲስ የተለሰነ ግንብ ቢያንስ 28 ቀን ሊቆይ ይገባል። ትኩስ ስሚንቶ ላይ የተቀባ ዘይት ቀለም ወደ ሳሙናነት እየተለወጠ ይለቃል፤ ለዚህም ከልስኑ በኋላ የስሚንቶውን አልካላይ የሚቋቋም ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ)፣ በላዩም አክሪሊክ ወይም ለውጭ ግድግዳ የተዘጋጀ ፕላስቲክ ቀለም ይመረጣል። በደጋ ላይ ፀሐይ ትበረታለች፤ ደማቅ ቀይና ቢጫ ቶሎ ሲነጡ፣ ከብረት ኦክሳይድ የሚገኙት የአፈር ቀይ፣ ቡናማና ዳማ ቀለማት ይቆያሉ። ሠዓሊው ይህን አውቆ ንድፉን ከጅምሩ በሚቆዩት ቀለማት ላይ እንዲያቆም፣ የቀለሙን ግዥም እርሱ በሚያዘው ዝርዝር መሠረት እንዲፈጸም ማድረግ ያስፈልጋል።

ሥራው የሚሠራበት ወቅትም የውል አንቀጽ ነው። በእኛ በኩል ክረምቱ ብቻ ሳይሆን በልጉም ያዘንባል፤ ስለዚህ ለግድግዳ ሥዕል የሚታመነው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በዚያም ወቅት ደሴ ጧት በጣም ትቀዘቅዛለች፤ ጤዛው ሳይደርቅ ብሩሽ አይነሳም፣ ፀሐይ ከማዘቅዘቋ በፊትም መቆም አለበት። በቀን ስምንት ሰዓት ይሠራል ብሎ የሚያቅድ ሰው አምስት ሰዓት ያገኛል።

ውሉ

ውል ያለ ምስክር ቃል አይሁን፤ ይጻፍ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራው አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስለትና ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይለወጥበት የመቃወም መብት ይሰጠዋል። በአንጻሩ በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ ባለቤትነት ሌላ ስምምነት ከሌለ ወደ አሠሪው የሚሄድ በመሆኑ፣ ጥበበኛው «ሌላ ስምምነት» የሚለውን በጽሑፍ ማስፈር ለራሱ ጥቅም ነው። ምስሉ በፖስት ካርድ፣ በቲሸርት ወይም በድርጅት ማስታወቂያ ላይ ሲውል ማን ይከፈላል? ይህ ካልተጻፈ ጭቅጭቅ ነው። የሠሩት ሰዎች ስም፣ የረዳቶቹና የግንበኛው ጭምር፣ በሥራው ግርጌ ሊነበብ በሚችል መጠን ይጻፍ፤ ከመረቀው ባለሥልጣን ስም በላይ ባይሆን እንኳ ከእርሱ ያላነሰ ቦታ ይሰጠው።

መንገድ ሊሰፋ፣ ቧንቧ ሊቀበር፣ ግንብ ሊፈርስ ይችላልና ሥራው ሲነሳ ምን እንደሚደረግም ይጻፍ። አዲስ አበባ ላይ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ግንባታ ተነስቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። የተቀባ ግድግዳ ግን ተነቅሎ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ከማፍረሱ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ለጥበበኛው በጽሑፍ እንዲነገረው፣ ሥራውም በጥሩ ፎቶግራፍ እንዲመዘገብ፣ በምትኩ የሚሠራ ካለም ቅድሚያ ለእርሱ እንዲሰጥ የሚል አንቀጽ ይኑር። ክፍያው በሦስት ይከፈል፤ ሲፈረም አርባ በመቶ፣ ሥራው ሲጋመስ ሠላሳ፣ ሲጠናቀቅ ሃያ አምስት። የቀረው አምስት በመቶ ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ከሚደረገው ፍተሻ ጋር ይያያዝ።

ያ ፍተሻ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ይደረግ። ሠዓሊው፣ ግንበኛውና አንድ የጽሕፈት ቤት ሰው አብረው ይሂዱ፤ መሰላል፣ ሥራው ሲጠናቀቅ የተነሳውን ፎቶና ከመጀመሪያው ቅብ የተረፈውን ቀለም ይያዙ። ከግንቡ ሥር ይጀምሩ፤ ውሃ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ብረት ይውጉ፣ የተነፋ ቀለም ካለ በጣት እየነኩ ዙሪያውን በጠመኔ ያክብቡ፣ ነጭ ጨው ካዩ በደረቅ ብሩሽ ጠርገው ቦታውን ይመዝግቡ። በሚቀጥለው ዓመት ጨው በዚያው ቦታ ከተመለሰ ችግሩ ከጀርባ ነው፤ የውሃና ፍሳሽ ባለሙያው ይጠራ።